ግመል የታሰረበት ቃል

እህቴ ከቤይሩት ከተመለሰች ሦስት ዓመት ሆኗታል፤ አንደበቷ ግን እስካሁን ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። የሚያስደንቅ ወይም የሚያበሳጭ ነገር ስትሰማ ሳይታወቃት «ሚሽ መዕኡል!» ትላለች። አንድ ቀን ማታ ወጥ ቤት ተቀምጣ ሽንኩርት እየከተፈች ሳለ የዘይት ዋጋ ዳግመኛ መጨመሩን ነገርኳት፤ እንደ ልማዷም «ሚሽ መዕኡል» አለች። እናቴ ከምድጃው ቀና ሳትል «እኔንማ አቅሌን ሊያስተኝ ነው» ብላ ተቀበለቻት። ሁለቱም ወደ ሥራቸው ተመለሱ። እኔ ግን በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ፤ ምክንያቱም እናትና ልጅ በአንድ ትንፋሽ አንድ ቃል ተለዋውጠው ነበር፣ አንዳቸውም አላወቁትም።

ዐረብኛን ያገኘሁት በትምህርት ነው፤ እንጀራዬም ሰነድ መተርጎም በመሆኑ ዐ፣ ቀ እና ለ የተባሉት ሦስት ሥርወ ፊደላት በየቀኑ ከእጄ አይጠፉም። ዐቅል ልቡና ወይም የማመዛዘን ኃይል ነው፤ ዓቂል ይህ ያለው አስተዋይ ሰው ነው፤ መዕቁል ደግሞ አስተዋይ ሰው ሊቀበለው የሚችል ነገር ነው። የእህቴ «ሚሽ መዕኡል» እንግዲህ «ልቡና የማይቀበለው» ማለት ነው። የቤይሩት ሰዎች ቀ የተባለውን ፊደል ጉሮሯቸው ውስጥ ስለሚያስቀሩት መዕቁል መዕኡል ይሆናል፤ ዐ ግን ከነጥልቀቱ አለ። በአማርኛ የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ቀን ከነጥንካሬዋ ይዘን ከጉሮሮ ሥር የሚወጣውን ዐ ጥለነዋል፤ አቅል የምንለውም ለዚህ ነው። በዚያ ምሽት እናቴ የያዘችውን ፊደል እህቴ ጥላው፣ እህቴ የያዘችውን እናቴ ጥላው፣ ሙሉው ቃል በሁለቱ መካከል ተከፍሎ ነበር።

ይህ ቃል የት የት እንደደረሰና በደረሰበት ሁሉ ምን እንደሆነ ለብዙ ዓመታት ሳሰላስል ኖሬአለሁ። መዝገበ ቃላት ብንገልጥ «አእምሮ» ወይም «ብልህነት» ብሎ በአንድ ቃል ይገላግለናል፤ እኔም በሰነድ ላይ ስተረጉም እንደዚያው አደርጋለሁ። ነገር ግን ይህ ፍቺ ቃሉን እንደሚያሳንሰው አምናለሁ፤ ለምን እንደሚያሳንሰው የገባኝም በመጽሐፍ ሳይሆን በገበያ ነው።

ከሐረር ወደ ጅግጅጋ በሚወስደው መንገድ ባቢሌ ላይ ወርጄ የግመል ገበያውን ያየሁ ጊዜ፣ አንድ ሸምገል ያሉ ሰው ግመላቸውን ሲያስሩ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ከጉሮሯቸው አንድ ድምፅ አውጥተው ገመዱን ወደ ታች ሳብ ሲያደርጉት ግመሉ መጀመሪያ በፊት ጉልበቱ፣ ከዚያም በኋላው ተንበረከከ። ሰውዬው የአንዱን የፊት እግር ታችኛውን ክፍል ከላይኛው ጋር እንደታጠፈ አጣብቀው በአጭር ገመድ ሦስት ጊዜ ያህል ጠመጠሙትና ቋጩት። በቃ፣ ይኸው ነው። ግመሉ ትንሽ ቆይቶ ለመነሣት ሞከረ፤ የኋላውን ከፍ አደረገ፣ ነፃውን እግሩን ዘረጋ፣ የታጠፈው ግን አልዘረጋ ሲለው ተመልሶ ተኛና ማመስኳቱን ቀጠለ። እኛ ደጋ ያደግን ሰዎች በቅሎ ስትቀየድ አይተናል፤ የተቀየደች በቅሎ ግን እየተንፏቀቀችም ቢሆን ትሄዳለች። ይህ ሌላ ነው። ግመሉ ጉልበቱ አልተነካም፣ አልቆሰለም፣ አልተራበም፤ ባለቤቱ ሻይ ጠጥቶ እስኪመለስ ድረስ ካለበት ንቅንቅ አይልም እንጂ።

በዐረብኛ «ዐቀለ» የሚለው ግሥ የመጀመሪያ ትርጉሙ በትክክል ይህ ነው፤ የተንበረከከን ግመል የፊት እግር አጥፎ ማሰር። ገመዱም ዒቃል ይባላል። በ1290 እ.ኤ.አ. ሊሳን አል-ዐረብ የተባለውን ግዙፍ መዝገበ ቃላት የፈጸመው ኢብን መንዙር ስለ ዐቅል በጻፈው ክፍል፣ ልቡና ዐቅል የተባለው ባለቤቱን ከጥፋት ውስጥ እንዳይገባ ስለሚይዘው ነው የሚለውን ማብራሪያ ከቀደምት ሊቃውንት ተቀብሎ አስፍሯል። እንግዲህ ለዚያ የበረሃ ሕዝብ አስተዋይ ሰው ማለት ብዙ የሚያውቅ ወይም ፈጥኖ የሚያሰላ ሳይሆን፣ ተነሥቶ መሮጥ ሲያምረው የሚይዘው ነገር ያለው ሰው ነበር።

ከዚሁ ሥር የበቀሉት ሌሎች ቃላት ሁሉ ገመዱን አልለቀቁትም። የደም ካሣ ዐቅል ይባላል፤ ለካሣ የሚነዱት ግመሎች ከሟች ቤተሰብ ደጃፍ ተንበርክከው ስለሚታሰሩ ነው። ያን ካሣ በጋራ የሚከፍለው የገዳይ የአባት ወገን ዓቂላ ነው። መዕቂል ምሽግ ወይም መጠጊያ፣ ኢዕቲቃል መታሰር፣ ሙዕተቀል የእስረኞች ማጎሪያ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ወንዶች በራስ መሸፈኛቸው ላይ የሚያደርጉት ጥቁር ክብ ገመድም ያው ዒቃል ነው፤ በአካባቢው አነጋገር ዕጋል ይሉታል። ግመል ማሰሪያውን ሲፈቱት ራሳቸው ላይ ያስቀምጡት ነበር እየተባለም ይተረካል። በዚያ አገር በሰው ቤት ተቀጥረው የሠሩ እህቶቻችን ይህንን ገመድ ከአሠሪው ልብስ ጋር ስንት ጊዜ አንስተው አስቀምጠውት ይሆን?

ሙስሊም ወገኖቻችን በደንብ የሚያውቁት አንድ ሐዲስ አለ። አንድ ሰው ወደ ነቢዩ ቀርቦ ግመሌን ልሰራትና በአላህ ልመካ ወይስ ልፍታትና ልመካ ብሎ ሲጠይቅ፣ «እሰራትና ተመካ» ተብሎ እንደተመለሰለት የሐዲስ ሰብሳቢው ቲርሚዚ ዘግቦታል። በዐረብኛው «እሰራት» የሚለው ትእዛዝ «ኢዕቂልሃ» ነው። ስለዚህ ያንኑ ትእዛዝ በልቡና ላይ ያለ ያህል አድርጎ የሚሰማው ሰው አይሳሳትም። በቁርኣን ደግሞ የሚያስደንቀኝ አንድ ነገር አለ፤ ዐቅል የሚለው ስም ከ6 ሺህ በሚበልጡት አንቀጾች ውስጥ አንድም ጊዜ አልተጠቀሰም። ግሡ ግን 49 ጊዜ ይመጣል፤ «አታስተውሉምን?» እያለ ይጠይቃል፣ ይወቅሳል። ለእኔ ይህ ማለት ዐቅል በመጀመሪያ ሰው ያለው ዕቃ ሳይሆን ሰው የሚያደርገው ነገር ነበር ማለት ነው። ገመዱ በየዕለቱ ይታሰራል እንጂ አንድ ጊዜ ታስሮ አይቀርም።

የሸሪዓ ሕግ አዋቂዎች ቃሉን ስም አድርገው የኃላፊነት ሚዛን አደረጉት። ዐቅል የሌለው ሰው አይጠየቅም፤ ሕፃን እስኪያድግ፣ የተኛ እስኪነቃ፣ ያበደ ልቡናው እስኪመለስ ድረስ ጥፋት የሚመዘግበው ብዕር ከእነርሱ ላይ ተነሥቷል ይላሉ። ሕጉ ሊጠብቃቸው ከሚገቡ አምስት መሠረታዊ ነገሮች መካከል፣ ከሃይማኖት፣ ከነፍስ፣ ከዘርና ከንብረት ጋር ዐቅልን ቆጥረውታል። ኸሊፋው ዑመርም አስካሪ መጠጥን ሲገልጹ «ዐቅልን የሚሸፍን ነው» ብለዋል። እኛ «አቅል የሚያስት መጠጥ» ስንል ከዚያ አባባል እምብዛም አልራቅንም።

በባግዳድ የግሪክ ፍልስፍና ወደ ዐረብኛ በተመለሰበት ዘመን ደግሞ ተርጓሚዎቹ የእነ አርስጣጣሊስን ረቂቅ አስተሳሰብ የሚያክል ቃል ሲፈልጉ ያነሡት ይህንኑ የግመል ገመድ ነው። እዚህ ላይ አል-ፋራቢን ሳላነሣ አላልፍም። በ950 እ.ኤ.አ. በደማስቆ ያረፈው ይህ ፈላስፋ ዐቅል የሚለው ቃል ያሉትን ስድስት ፍቺዎች ሲዘረዝር የጀመረው ከፈላስፎች ሳይሆን ከተራው ሕዝብ ነው። ሕዝቡ አንድን ሰው ዓቂል የሚለው ሐሳቡን ለበጎ ነገር ሲያውለው ነው፤ ክፋትን በረቀቀ ዘዴ የሚፈጽመውን ሰው ግን ተንኮለኛ ይሉታል እንጂ ዓቂል ለማለት ይቸገራሉ ሲል አስተውሏል። ፈላስፋ ሆኖ የገበያ ሰው ቃሉን የሚያውልበትን መንገድ ቀድሞ መስማቱ ደስ ያሰኘኛል። ይህ ጽሑፍ በኋላ በላቲን ተተርጉሞ የአውሮፓ ሊቃውንት ተከራክረውበታል፤ ወደዚያ የተሻገረው ግን ሐሳቡ ብቻ ነው፣ ቃሉ ከዐረብኛው ጋር ቀርቷል።

በምሥራቅና በደቡብ የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ እዚያ ቃሉ ራሱ ተነሥቶ ሄደ። ፋርሶች ኸረድ የሚባል የራሳቸው የከበረ ቃል ነበራቸው፤ ሆኖም ዐቅልን ከጎኑ አስቀመጡ። ከፋርስኛ ወደ ሕንድ ወረደ፤ ዛሬ በሂንዲ ሙስሊም ያልሆነች የገጠር እናት እንኳ ልጇን «አቅል የለህም?» ብላ ስትቆጣ የባዕድ ቃል እንዳነሣች አይሰማትም። «አቅል ትበልጣለች ወይስ ጎሽ?» የሚል ተረት አላቸው፤ ሰው ያልሆነ ነገር ሲሠራም «አቅሉ ላይ ድንጋይ ወድቆበት ነው» ይላሉ። ወደ ሰሜን ደግሞ ኡዝቤኮች፣ ካዛኾችና ኡይጉሮች ጋ ደርሶ ቤተኛ ሆኗል። በነገራችን ላይ ዘግይቶ የሚበቅለውን የመጨረሻ መንጋጋ ዐረቡም፣ ፋርሱም፣ ቱርኩም፣ ሕንዱም በየቋንቋው «የዐቅል ጥርስ» ይለዋል፤ ሰው ልቡና የሚገዛበት ዕድሜ ላይ ስለሚመጣ ነው።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን የቱርክኛው ታሪክ ነው። ቱርኮች በ1928 እ.ኤ.አ. የዐረብ ፊደልን ትተው ወደ ላቲን ፊደል ተሻገሩ፤ በ1932 ደግሞ የቋንቋ ማኅበር አቋቁመው ከቋንቋቸው ውስጥ ዐረብኛና ፋርስኛውን ለቅመው ለማውጣት ዘመቱ። ብዙ ቃላት በዚያ ዘመቻ ወድቀዋል። ትምህርት ቤት ከመክተብ ወደ ኦኩል የተለወጠውም ያኔ ነው። ለአክልም፣ ማለትም ለእነሱ ዐቅል፣ ምትክ ተገኝቶለት ነበር፤ ኡስ የምትባል ጥንታዊ የቱርክ ቃል። ኡስ ዛሬ በፍልስፍና መጻሕፍት ውስጥ አለች፤ ጨዋ ልጅንም ኡስሉ ይሉታል። አክል ግን ከሰው አፍ አልወጣም። አንካራ ያለ ሰው ምክር ሲሰጥ «አክል ሰጠ» ይባላል፤ ሲረሳ «ከአክሌ ወጣ» ይላል፤ በኪሱ የያዘው ዘመናዊ ስልክ እንኳ «አክል ያለው ስልክ» ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. መንግሥት ከኩርድ ታጣቂዎች ጋር ለጀመረው የሰላም ንግግር ሕዝቡን እንዲያነጋግሩ 63 ሰዎችን መርጦ በየክፍለ አገሩ ሲያሰማራ የሰጣቸው ስም «አኪል ሰዎች» የሚል ነበር። እኛ የአገር ሽማግሌዎች እንደምንለው ማለት ነው። የአዋጅ ኃይል የሚነቅለው ቃል አለ፣ የማይነቅለውም አለ፤ ሰው ከራሱ ጋር ሲነጋገር የሚጠቀምበትን ቃል ማኅበር ተሰብስቦ ሊለውጠው የሚችል አይመስለኝም።

በማላይና በኢንዶኔዥያ ቋንቋዎች ቃሉ «አካል» ሆኗል፤ ከእኛው አካል ጋር ግን አይገናኝም። አሳማኝ ነገር «አካል ውስጥ የገባ» ይባላል፤ ያ ከመዕቁል አይርቅም። ነገር ግን አካል እዚያ ብልጠትም፣ ዘዴም፣ አልፎ ተርፎ ማታለልም ነው፤ ሰውን በብልጠት መሸወድ ከዚሁ ቃል በወጣ ግሥ ይነገራል፣ የተንኮል ዘዴም «የኤሊ አካል» ይባላል። አል-ፋራቢ ሰምቶት ቢሆን ምን ይል ነበር? የእሱ ዘመን ሕዝብ ለተንኮለኛ የነፈገውን ቃል ባሕር ተሻግሮ ተንኮለኛው ወረሰው። ይህንን የምለው ማላዮቹን ለመንቀፍ አይደለም። በተረቶቻቸው ካንቺል የምትባል ትንሽ እንስሳ አዞና ነብርን በዘዴ ታመልጣለች፤ ጉልበት ለሌለው ፍጡር ዘዴም የመኖሪያ ገመድ ነው።

በምዕራብ አፍሪካው የሐውሳ ቋንቋ ደግሞ ቃሉ ሐንካሊ ሆኖ ሌላ መልክ ይዟል። ሐንካሊ ያለው ሰው አስተዋይ ነው፤ «በሐንካሊ» ማለት ግን በዝግታ፣ በጥንቃቄ ማለት ነው፤ መንገድ ላይ ለሚሮጥ ልጅም «ሐንካሊ አድርግ» ይሉታል። ሁከትና ጭንቀት «የሐንካሊ መነሣት» ይባላል፤ ሰውን ማረጋጋትም «ሐንካሊውን ማስተኛት» ነው። እነዚህን ሁለት አባባሎች በመጀመሪያ ያነበብኩ ዕለት ባቢሌ ያየሁት ግመል ፊቴ ላይ ድቅን አለ፤ ሊነሣ ሞክሮ፣ ገመዱ ሲይዘው ተመልሶ የተኛው። ሐውሳዎቹ የዐረቡን ግመል አስበው እንዲህ ብለዋል ብዬ አልከራከርም። ልቡና የሚነሣና የሚተኛ ነገር መሆኑን ግን እነሱም አይተውታል። የስዋሂሊ ተናጋሪዎች በበኩላቸው «አኪሊ ሀብት ነው» ይላሉ፤ መለስ ብለውም «የአኪሊ ብዛት ዕውቀትን ያሳጣል» ብለው ያስጠነቅቃሉ።

ወደ እኛ አካባቢ ስንመጣ ቃሉ ባሕሩን የተሻገረው በአንድ በር ብቻ አይመስልም። ሶማሌዎች ዐቅሊ ሲሉ ጥልቁን ዐ አይጥሉትም፤ በላቲን ፊደል ሲጽፉም ሲ የተባለችውን ፊደል ለዚሁ ድምፅ መድበውላታል። ለእነሱ ዓቂል የጎሣ መሪም ነው፤ የእንግሊዝ አስተዳደር በሶማሌላንድ ደመወዝ የሚቆርጥላቸውን የጎሣ ተጠሪዎች በዚሁ ስም ይጠራቸው ነበር፤ በጅቡቲም ኦካል ይባላሉ። ከባሕሩ ማዶ በየመንም የሰፈሩ ተጠሪ ዓቂል ነው። በሊባኖስ፣ በሶሪያና በእስራኤል የሚኖሩት ድሩዞች ደግሞ የሃይማኖታቸውን ምሥጢር የተማሩትን ዑቃል፣ ያልተማሩትን ጁሃል፣ ማለትም አላዋቂዎች፣ ብለው ማኅበረሰባቸውን ለሁለት ይከፍሉታል። ዑቃል ከመጠጥና ከትንባሆ ርቀው የሚኖሩ ናቸው፤ ሴቶችም ከመካከላቸው አሉ። በእነዚህ ሁሉ አገሮች ቃሉ ወንበር አግኝቷል ማለት ይቻላል፤ ሰው ተሹሞበታል።

በትግርኛ ግን ዓቕሊ ትዕግሥት ነው። «ዓቕሊ ግበር» ማለት ታገሥ፣ «ዓቕለይ ጸቢቡ» ማለትም ትዕግሥቴ አለቀ ማለት ነው። ከማውቃቸው ፍቺዎች ሁሉ ለገመዱ የቀረበው ይህ ይመስለኛል። ከዐረብ በረሃ ርቆ፣ ግመል በብዛት በማይታይበት ደጋ ላይ፣ ቃሉ ዞሮ ወደ መነሻው ደረሰ፤ ተነሥተህ አትሩጥ፣ ባለህበት ቆይ የሚል ሆነ።

የአማርኛውስ? ስለ ራስ ቋንቋ መናገር ከሁሉ ይከብዳል። ስለ ሰው አስተዋይነት መልካም መናገር ስንፈልግ አቅልን አናነሣም። ልባም ነው፣ አስተዋይ ነው፣ አእምሮው ብሩህ ነው እንላለን፤ ልጅንም ልብ ግዛ፣ ልብ በል እያልን እናሳድጋለን። ሊቃውንቱ ፍትሐ ነገሥትንና ሌሎች ብዙ መጻሕፍትን ከዐረብኛ ወደ ግእዝ ሲመልሱ ልብ፣ ልቡና፣ ኅሊናና አእምሮ የሚሉት ቃላት በእጃቸው ስለነበሩ መበደር አላስፈለጋቸውም። ስለዚህ አቅል በደብተራ ብዕር የገባ ቃል አይመስለኝም፤ በነጋዴና በጎረቤት አፍ፣ በገበያና በኀዘን ቤት ነው የገባው። ዛሬም የሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚለውን ስያሜ ያወጡት ሰዎች አስተውሎት ብለው ከግእዙ ጎተራ ወሰዱ እንጂ አቅልን የሚያስባት አልነበረም፤ ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ግን ለዚሁ ነገር «አኪሊ ባንዲያ» ይላሉ። በእኛ ጆሮ «ሰው ሠራሽ አቅል» ፈጽሞ አይጥምም። ለምን እንዳልጣመኝ ብዙ አሰብኩ። አቅል ያለው መሳት የሚችል ነገር ብቻ ነው። መኪና ይበላሻል፣ ኮምፒውተር ይጠፋል፤ አቅሉን የሚስት ግን ሰው ነው።

በአማርኛ አቅል በብዛት የሚነሣው ሲጠፋ ነው። አቅሉን ሳተ፣ አቅሏን ስታ ወደቀች፣ አቅሌን አሳጡኝ፣ አቅለ ቢስ ነው። ኀዘን፣ ንዴት፣ መጠጥ፣ ረኃብ፣ ፍቅርም ሳይቀር አቅል ያስታሉ። ቃሉን ጤነኛ በሆንንበት ቀን አናነሣትም፤ ግመሉ እግሩን አጥፎ በተኛበት ሰዓት ገመዱን ማን ያየዋል? ገመዱ የሚታየው ሲበጠስ ነው። ሌሎቹ ቋንቋዎች ከቃሉ ላይ ብልጠቱን፣ ሹመቱን፣ ምክሩን ሲወስዱ የእኛ ሰዎች መበጠሱን ወሰዱ። በትርጉም ሥራዬ ከዐረብኛ የውክልና ሰነዶች ላይ «በተሟላ የዐቅል ኃይሉ» የሚለውን ሐረግ በየሳምንቱ አገኛለሁ፤ «አእምሮው ጤነኛ ሆኖ» ብዬም እመልሰዋለሁ፣ ጸሐፊውም ማኅተሙን ይመታበታል። ፍቺው ትክክል ነው። ግን በተረጎምኩት ቁጥር የሆነ ነገር ከእጄ እንደሚያመልጠኝ ይሰማኛል፤ አእምሮ ጤነኛ ይሆናል ወይም ይታመማል፣ አቅል ግን ሰውን ከራሱ ጋር አስሮ የያዘው ነው፣ ሲለቅ ሰውየው ይወድቃል።

ይህንን የምለው አይቼው ነው። በዘንድሮው ቅዳም ስዑር፣ ሃምሳ አምስቱን ቀን የጾመችው እናቴ አክፍላ ከጠዋት ጀምሮ ውኃ እንኳ ሳትቀምስ ስትንጎዳጎድ ውላ፣ አሥር ሰዓት ገደማ የገዛነውን በግ ልታይ ወደ አጥሩ ስትሄድ ደጃፉ ላይ ተዘረረች። ከአጥር ማዶ ያሉት ጎረቤታችን «አቅሏን ሳተች! ውኃ አምጡ!» ብለው ጮኹ። እህቴ ራሷን ይዛ ታለቅስ ጀመር። ቀጥለው የገቡት ትግርኛ ተናጋሪዋ ጎረቤታችን እጇን ከራሷ ላይ አውርደው ይዘው «ዓቕሊ ግበሪ ጓለይ፣ ዓቕሊ ግበሪ» ይሏታል። እኔ የእናቴን እግር ከፍ አድርጌ ይዤ በዚያች ቅጽበት እንኳ ሁለቱን ቃላት ሰማኋቸው፤ አንዷ የተበጠሰውን ገመድ ትናገራለች፣ አንዷ የሚታሰረውን።

በአቅራቢያችን ካለው ክሊኒክ ስንደርስ እናቴ ዓይኗን ገልጣ ነበር፤ ሆኖም ማንንም አላወቀችም። ነርሷ ደም ግፊቷን እየለካች «እናታችን ለስንት ደቂቃ ነው አቅላቸውን የሳቱት?» ብላ ጠየቀችኝ። አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው አልኳት። አጎንብሳ ወረቀቱ ላይ ስትጽፍ አየኋት፤ የጻፈችው «ንቃተ ኅሊና» የሚለውን ነው። አፏ የጠየቀው ግን አቅልን ነበር።

ግሉኮሱ ግማሽ እስኪደርስ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ እጇን ይዤ ቆየሁ። እህቴ ከግድግዳው ተደግፋ በዐረብኛም በአማርኛም ትጸልያለች። ከዚያ እናቴ ፊቷን ወደ እኔ መለሰች፤ ስሜን ጠራችኝ፣ ቀጥላም የክሊኒኩን ጣሪያ አየት አድርጋ፣ የት እንዳለች ገብቷት፣ ድምፅዋ ገና ሳይጠራ «በጉን ግን በደንብ አስራችሁት ነው የመጣችሁት?» አለችኝ።

«ታስሯል እማዬ» አልኳት። «ታስሯል።»